የአልዛይመርና የማኅበረሰብ ጤና ምርምርን ሙያ ማድረግ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚጀምሩ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ሰንዳፋ ድረስ ባለው የከተማው ዳርቻ በአረጋውያን የመርሳት ሕመም ላይ መመራመር የሚፈልጉ ተማሪዎችና ወጣት መምህራን ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሶቹ በርዝመት እኩል አይደሉም። ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ላይ ሰፋ አድርገናል።

«አልዛይመር የፈረንጅ በሽታ ነው» ይባላል። እዚህ አገር ሆኖ ሙያ ይሆናል?

የፈረንጅ በሽታ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ሕመም ነበረባቸው። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከእነዚህ ሕመሞች ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ነው። ዋናው ምክንያት ዕድሜ ስለሆነ ሕዝብ ረጅም ዕድሜ መኖር ሲጀምር ሕመሙም አብሮ ይታያል። በኢትዮጵያ በአማካይ የሚጠበቀው ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ አሁን ከ65 በልጧል።

ከአፍሪካ የተገኘው ትልቁ መረጃ ደግሞ ጥያቄውን ይበልጥ የሚያጓጓ ያደርገዋል። በናይጄሪያ ኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ያነጻጸረውና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት፣ በዓመት አዲስ በአልዛይመር የሚያዙት በኢባዳን 1.15 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 በመቶ መሆናቸውን አገኘ። ምግቡ ነው? የደም ሥር ጤና ነው? ወይስ የታመሙት ቶሎ ስለሚሞቱ ነው? ይህን ለኢትዮጵያ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል፤ ሙያ ይሆናል የምንለውም ለዚህ ነው።

ምን ተምሬ ልግባ?

በሮቹ ብዙ ናቸው። ሐኪም ከሆኑ በኒውሮሎጂ ወይም በሥነ አእምሮ ስፔሻላይዝ ማድረግ ይቻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠናን እ.ኤ.አ. በ2003፣ የኒውሮሎጂውን በ2006 ስለጀመረ አሁን ከአገር ሳይወጡ መሠልጠን ይቻላል። ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ ሳይኮሎጂስት ወይም ሶሻል ወርከር ከሆኑ ደግሞ የተለመደው መንገድ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ነው። ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ለመግባት የብሔራዊ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን ማለፍ ያስፈልጋል። ሦስተኛ ዲግሪው በተለምዶ አራት ዓመት ነው።

ምርጫ ካለዎት ከኅብረተሰብ ጤና ዘርፎች ኤፒዲሚዮሎጂን (የበሽታ ስርጭት ጥናትን) ወይም ባዮስታቲስቲክስን (የጤና መረጃ ስሌትን) ይያዙ። የአእምሮ ጤናውን ከአማካሪና ከክሊኒክ መማር ይቻላል፤ ስሌቱን ግን ከሌላ ሰው እየተዋሱ ዕድሜ ልክ መሥራት አይቻልም። አር ወይም ስታታ ከሚባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች አንዱን በደንብ ይወቁ። በዳርቻው ለሚሠራ ሰው አፋን ኦሮሞ መቻል እንደ አንድ ተጨማሪ ዲግሪ ይቆጠራል። ከሱሉልታ ገበሬ ጋር በአስተርጓሚ የሚደረግ የማስታወስ ፈተና ልክ አይሆንም፤ ፈተናው የሚለካው የቋንቋ ትውስታን ነውና።

አማካሪ ከየት አገኛለሁ? በዲሜንሺያ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው።

ሁለት አማካሪ ይያዙ፦ አንዱ ከኅብረተሰብ ጤና፣ ሌላው ከኒውሮሎጂ ወይም ከሥነ አእምሮ። አንድ ሰው ሁለቱንም እንዲሆን መጠበቅ ዓመት ያስበላል። የማኅበረሰብ ጥናት ልምዱን በተመለከተ አገራችን ባዶ አይደለችም። በ1979 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተው የቡታጅራ የጤና ጥናት ፕሮግራም በገጠር ሕዝብ መካከል የአእምሮ ሕመምን ለአሥርት ዓመታት ተከታትሏል፤ ቤት ለቤት ልየታንና የሐኪም ምርመራን ማገናኘት እንዴት እንደሚቻል ከዚያ የወጡ ጽሑፎች ያስተምራሉ። ከውጭ ደግሞ 10/66 የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን በድሃ አገሮች የተሠሩ ዘዴዎችን አትሟል። ስሙን ያገኘው ከሕሙማኑ 66 በመቶው በታዳጊ አገሮች ሲኖሩ ምርምሩ ግን ከ10 በመቶ በታች ለእነሱ ይውል ከነበረበት ሁኔታ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፌ «የአልዛይመር ስርጭት» ብዬ ልሥራ?

አይሥሩ። ቤት ለቤት በሚደረግ የ30 ደቂቃ መጠይቅ አልዛይመር አይታወቅም። የሚታወቀው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መቀነሱ ነው። ዲሜንሺያ ነው ለማለት የሐኪም ምርመራና የቅርብ ሰው ቃል፣ ከዲሜንሺያ ዓይነቶች አልዛይመር ነው ለማለት ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ርዕሱ ላይ «አልዛይመር» ተብሎ ውስጡ መጠይቅ ብቻ ከሆነ ገምጋሚ በመጀመሪያው ገጽ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ችግር የናሙና መጠን ነው፤ ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል። ብዙ ተማሪ ስርጭቱን 5 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑንም 5 በመቶ አድርጎ ያሰላል፤ ቀመሩም 73 ሰው ይበቃል ይለዋል። ግን ይህ ማለት ውጤቱ «ከ0 እስከ 10 በመቶ ነው» ይሆናል፤ ለጤና ቢሮ ምንም አይነግርም። ወሰኑን ወደ 2 በመቶ ያጥብቡት፦ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.05 እና በ0.95 ተባዝቶ፣ ለ0.02 በራሱ ሲካፈል 457 ይመጣል። ናሙናው በቀበሌና በመንደር ስለሚመረጥ በ1.5 ይባዛ፤ 686 ይሆናል። ለማይገኙትና ለማይስማሙት 10 በመቶ ሲጨመርበት 755 ይደርሳል።

ቁጥሩን ወደ እግር ጉዞ ይለውጡት። ከሕዝባችን 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከ20 ሰው አንድ ያህል ነው። በአንድ ቤት በአማካይ አራት ሰው ቢኖር አንድ አረጋዊ ለማግኘት አምስት በር ማንኳኳት ያስፈልጋል፤ ለ755 አረጋውያን 3,800 ገደማ በር ማለት ነው። አንድ ቆጣሪ በቀን 40 ቤት ቢያዳርስ 95 የሰው ቀን፣ አንድ ጠያቂ በቀን አራት አረጋዊ ቢጠይቅ 190 የሰው ቀን ይጠይቃል። አሥር መረጃ ሰብሳቢ ቢቀጠር ወደ 29 የሥራ ቀን ይሆናል። ይህ ስሌት በጀቱ ውስጥ ካልገባ ሥራው መሐል ላይ ይቆማል።

የእኛ ምክር፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስርጭትን ትቶ አንድ የመለኪያ መሣሪያን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ቢያረጋግጥ የበለጠ ይጠቅማል። ከ100 እስከ 200 ሰው ይበቃዋል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይጠቀምበታል። መሣሪያው ሳይረጋገጥ የሚወጣ የስርጭት ቁጥር ግን ማንም ሊተማመንበት አይችልም።

ታዲያ የትኛውን መሣሪያ ልጠቀም? ኤምኤምኤስኢ ወይስ ሞካ?

ሁለቱም የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚለኩ አጫጭር ፈተናዎች ናቸው፤ ሁለቱም በ30 ነጥብ ይለካሉ፤ ሁለቱም ትምህርት ቤት ለገባ ሰው የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ኤምኤምኤስኢ የባለቤትነት መብት ያለበት ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ሞካ ደግሞ ፈታኙ ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት እንዲይዝ ያስገድዳል። እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናት ሁለት የተደራረቡ ባለአምስት ጎን ቅርጾችን እንዲስሉ ሲጠየቁ ዜሮ የሚያገኙት አእምሯቸው ስለደከመ አይደለም። ሞካ ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱ አውራሪስ ነው፤ አንበሳና ግመልን በደንብ የሚያውቅ አረጋዊ አውራሪስን በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል።

በዝርዝር የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ፤ ሁሉም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መወሰን አለባቸው። «በዚህ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት በአንድ ደቂቃ ይንገሩኝ» የሚለው ጥያቄ በእኛ ፊደል ሰባት ቤት ስላለው ይወሳሰባል፦ «በ» ከተባለ «ቡና» ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? አንዱ ጠያቂ ቆጥሮ ሌላው ካልቆጠረ መረጃው ተበላሸ። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ ማገናኘትም እንዲሁ፤ የቄስ ትምህርት የተማሩ አባት በ«አቡጊዳ» ተራ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ያም ትክክል ነው። ቃልን ከኋላ ወደ ፊት በፊደል መዘርዘር ለማያነብ ሰው አይሆንም፤ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ማስቆጠር ይሻላል። ሰዓት አስሎ ስድስት ሰዓትን እንዲያሳዩ ሲጠየቅም የየትኛው አቆጣጠር ስድስት ሰዓት እንደሆነ መልስ መስጫው ላይ ይጻፍ።

የቀኑ ጥያቄ ለብቻው ይታይ። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ሚካኤል ነው» ብለው የሚመልሱ እማማ፣ ቀኑ 12 ከሆነ ልክ ናቸው፤ ሙሉ ነጥብ ይሰጣቸው። 21 ማርያም፣ 19 ገብርኤል፣ 29 በዓለ ወልድ እንዲሁ። ለሙስሊም አረጋዊ ደግሞ የሂጅራውን ወር መቀበል ተገቢ ነው። መረጃ ሰብሳቢው በየቀኑ ጠዋት የዕለቱን ቀን በሦስቱም አቆጣጠር (በኢትዮጵያ፣ በሂጅራና በአውሮፓ) ቅጹ አናት ላይ ጽፎ ይውጣ።

ላልተማረ ሰው ከተሠሩት ውስጥ ሁለቱን ይመልከቱ። አንዱ በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ ለአፍሪካ አረጋውያን የተዘጋጀው አይዲያ የተባለ ልየታ ነው። በ15 ነጥብ ይለካል፤ በሥዕል ፋንታ በአራት የክብሪት እንጨቶች ቅርጽ መሥራትን ይጠይቃል። ሌላው በኢባዳኑ ጥናት ሥራ ላይ የዋለው ሲኤስአይ-ዲ ነው፤ አንዱ ክፍሉ አረጋዊውን፣ ሌላው የቅርብ ዘመድን ይጠይቃል። የታንዛኒያውን ወይም የናይጄሪያውን መቁረጫ ነጥብ፣ ማለትም «ችግር አለ» እና «ደህና ናቸው» የሚባሉትን የሚለየውን ነጥብ፣ ግን እንዳለ አይውሰዱ።

የማረጋገጡ ሥራ እንዲህ ይሄዳል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙ፤ ሁለቱ ትርጉሞች ይታረቁ፤ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰው። ከዚያ ለአሥር ያህል አረጋውያን እየተነበበ «ይህን ስልዎ ምን ገባዎት?» ተብሎ ይጠየቅ። ቃላቱ ሲስተካከሉ ሁለት ጠያቂዎች ለ30 ያህል ሰዎች ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ይነጻጸሩ። በመጨረሻ የመጠይቁን ውጤት ያላየ ሐኪም ይመርምር፤ መቁረጫ ነጥቡ ከዚያ ይወጣል። ሐኪሙ ነጥቡን አስቀድሞ ካየ ሥራው ሁሉ ዋጋ የለውም።

መሣሪያው 90 በመቶ ሕሙማንን ካገኘ አይበቃም?

አይበቃም። ከ1,000 አረጋውያን 50ዎቹ ዲሜንሺያ አለባቸው እንበል። መሣሪያው ከሕሙማኑ 90 በመቶውን ቢያገኝ፣ ከጤነኞቹም 80 በመቶውን በትክክል ጤነኛ ቢል፣ 45 ሕሙማንና 190 ጤነኞች «ችግር አለባቸው» ተብለው ይወጣሉ። ከ235ቱ እውነተኞቹ 19 በመቶ ናቸው። ስለዚህ በልየታ ብቻ ለማንም ቤተሰብ «አባታችሁ አልዛይመር አለባቸው» አይባልም። በሁለት ደረጃ የሚሠራ ጥናትም «ደህና ናቸው» ከተባሉት የተወሰኑትን፣ ለምሳሌ 10 በመቶውን፣ ለሐኪም መላክ አለበት፤ በትንታኔው ጊዜም ክብደት ተሰጥቷቸው ይሰላሉ። ይህ ከተረሳ ያመለጡት ሕሙማን በዚያው ጠፍተው ይቀራሉ።

ትክክለኛ ዕድሜያቸውን የማያውቁትን እንዴት ልመዝግብ?

ከ65 ዓመት በኋላ የዲሜንሺያ ዕድል በየአምስት ዓመቱ በእጥፍ ገደማ ስለሚጨምር የዕድሜ ስህተት ውጤቱን በቀጥታ ያዛባዋል። መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ 60፣ 70 እና 80 ላይ የሚከማቸውም ለዚህ ነው። የክስተት መቁጠሪያ ያዘጋጁ፦ የጣሊያን ወረራ 1928፣ የጣሊያን መውጣት 1933፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ የአብዮቱ ፍንዳታ 1966፣ የካራማራ ድል 1970፣ ትልቁ ድርቅ 1977፣ የደርግ መውደቅ 1983። «ጃንሆይ ሲወርዱ ስንት ልጅ ነበረዎት?» ብሎ መጠየቅ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ከማለት የተሻለ መልስ ያመጣል። የአካባቢውን ክስተትም ይጨምሩ፤ በለገዳዲ በኩል የግድቡ ሥራ ለብዙዎች ትዝ ይላል። በመጨረሻ ከበኩር ልጅ ዕድሜ ጋር ያመሳክሩ፤ እናት ከልጇ በ9 ዓመት ብቻ የምትበልጥ ሆና ከተገኘች አንደኛው ቁጥር ስህተት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ መቁጠሪያው የሚሠራው ትዝታው ላለ ሰው ነው። ትዝታቸው የደከመ አረጋዊ ከሆኑ ከእኩያ ጎረቤት ወይም ከታላቅ ልጅ ይጠየቅ፤ ማን እንደመለሰውም ይመዝገብ።

ፈቃድ ከየት ከየት ነው?

በመጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲዎ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ። ቀጥሎ ግን ዳርቻው ላይ ካርታውን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዙሪያው ያሉት ከተሞች በሸገር ከተማ ስር ስለተጠቃለሉ፣ አንዱ ቀበሌ ከአዲስ አበባ ጤና ቢሮ፣ አጎራባቹ ከኦሮሚያ ጤና ቢሮ ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል። ናሙናው ወሰኑን ካቋረጠ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከቢሮው የሚወጣው የድጋፍ ደብዳቤ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያው ይወርዳል። በየደረጃው ማኅተም ያለበት ቅጂ ያስቀሩ። ኃላፊ ይለወጣል፤ አዲሱ ኃላፊ ከመጀመሪያ ጀምሩ ሊል ይችላል። ለዚህ ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይያዙለት።

አረጋውያን ወይም ቤተሰቦቻቸው ለመፈረም እምቢ ይሉናል። ለምን?

ብዙ ጊዜ በመሬት ምክንያት ነው። በዳርቻው ብዙ ገበሬ ይዞታውን ለከተማ መስፋፊያ አስረክቧል። የማያውቁት ወጣት ታብሌት ይዞ የጂፒኤስ ነጥብ እየወሰደ «እዚህ ይፈርሙ» ሲል መሬት ሊለካ የመጣ ይመስላል፤ ጥርጣሬያቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር መግባት፣ በመጀመሪያው ጉብኝት ምንም ሳያስፈርሙ ማስረዳት፣ የቤቱን ትክክለኛ ነጥብ በመንደር መለያ ቁጥር መተካት ነው። ዕድሩ አስቀድሞ ይወቅ። ጸሐፊው በወርኃዊ ስብሰባው ላይ አምስት ደቂቃ እንዲሰጣችሁ ይጠይቁ።

ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ከጥናቱ ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት ይነበብላቸውና በጣት አሻራ ይስማሙ። የማመዛዘን ችሎታቸው የቀነሰ ሰው ላይ የቤተሰብ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ አረጋዊው ራሳቸው ፊት ካዞሩ፣ ከተነሡ ወይም «ተዉኝ» ካሉ ይቆም። ልጅየው ቢስማማም ይቆም። አጠራሩም ይታሰብበት፦ በ«አንቱ»፣ እማማ፣ አባባ፣ በአፋን ኦሮሞም ኦቦና አዴ እየተባለ። ስማቸውን ብቻ የሚጠራ መረጃ ሰብሳቢ ሁለተኛ በር አይከፈትለትም።

አረጋውያንን ከመርጃ ማዕከል መውሰድ አይቀልም?

ይቀላል፤ ግን መቄዶንያን በመሳሰሉ ማዕከላት ያሉት ጠዋሪ ያጡ ወገኖች ናቸው፤ ከዚያ የወጣ ቁጥር ስለ ሱሉልታ ወይም ስለ የካ አባዶ አይናገርም። ስለ ክብካቤ አሰጣጥ ለማጥናት ከሆነ ትክክለኛ ቦታ ነው። የዕድር መዝገብም እንዲሁ ጥሩ መነሻ ሆኖ ሳለ የኮንዶሚኒየም ተከራይንና በጣም ድሃውን ይዘለዋል። የጤና ኤክስቴንሽኑን የቤተሰብ ፎልደርና የዕድሩን መዝገብ አስተያይቶ፣ ከዚያ በእግር ማሟላት ነው።

በየትኛው ወቅትና ሰዓት ልውጣ?

ሐምሌና ነሐሴ በጭቃው ምክንያት አይሆኑም። ኅዳርና ታኅሣሥ በሰንዳፋና በሱሉልታ በኩል አጨዳና ውቂያ ስለሆነ አስረጂ ዘመድ ቤት አይገኝም። በዐቢይ ጾም ብዙ አረጋውያን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ በረመዳንም ቀኑን ሙሉ ይጾማሉ። የተራበ ሰው ትኩረቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ «ዛሬ እህል ቀምሰዋል?» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ ይኑር፤ ከተቻለ ወቅቱ ይዘለል። አንድ ቤት ሦስት ጊዜ በተለያየ ሰዓት ሳይኬድ «አልተገኘም» አይባል።

ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ማየትና መስማታቸው ይረጋገጥ። ከአንድ ሜትር ርቀት በመደበኛ ድምፅ የተነገረውን እንዲደግሙ፣ የቀረበላቸውን ዕቃ እንዲለዩ ይጠየቁ። ባልታከመ የዓይን ሞራ ወይም በጆሮ ችግር የወደቁትን እንደ አእምሮ ሕመምተኛ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው።

ቤተሰብ «ምንም ችግር የለም» ይላል፤ ፈተናው ግን ሌላ ያሳያል። የቱን ልመን?

ሁለቱንም መዝግቡ። በእኛ ቤት አረጋዊ ሥራ አይታዘዝም፤ ገበያው በልጅ፣ ሒሳቡ በልጅ፣ ምግቡ በምራት ይሠራል። ስለዚህ ችሎታው ቢጠፋም የሚያየው የለም። «ያደርጋሉ ወይ?» ከማለት «ቢተዉላቸው ይችላሉ ወይ? ከሁለት ዓመት በፊትስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የውጭ መጠይቆች ስለ ባንክ ሒሳብና ስለ መኪና መንዳት ይጠይቃሉ፤ እዚህ የሚያጋልጡት ሌሎች ናቸው፦ የዕድር መዋጮ ሁለቴ ከፍሎ አልከፈልኩም ማለት፣ ቡናው አቦል ይሁን ቶና አለመለየት፣ ለልቅሶ ሄዶ የሞተው ማን እንደሆነ መርሳት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰፈር መሳት። ከወንድ ልጁ ይልቅ አብራ የምትውለዋን ምራት ወይም ሴት ልጅ ይጠይቁ፤ ብቻዋን ስትሆን ነው እውነቱን የምትናገረው።

ምልክት ያለባቸውን ሳገኝ ምን ላድርግ?

ይህ ሳይታሰብበት ማንም ወደ ሜዳ መውጣት የለበትም። ሰውን መዝግቦ ጥሎ መሄድ ስህተት ነው፤ በሥነ ምግባር ቦርድም መጠየቅ አለበት። በሚድኑ ወይም በሚሻሉ ነገሮች ይጀመራል፦ ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ማነስ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ከወደቁ በኋላ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም የጭንቅላት ደም፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ አእምሮን የሚያደበዝዙ መድኃኒቶች። በቀናት ውስጥ በድንገት የጀመረ ግራ መጋባት ከሆነ ዲሜንሺያ አይደለም፤ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ድንገተኛ ሕመም ስለሚሆን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ የተባለው የአእምሮ ጤና መመሪያ ዲሜንሺያን ያካትታል፤ ስፔሻሊስት ላልሆነ ባለሙያ የተጻፈ ስለሆነ የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን በእሱ መሠልጠን ይችላል።

ስለ መድኃኒት ቤተሰብ ሲጠይቅ በእውነት ይመለስ። ዶኔፔዚል ምልክቱን ለጊዜው ያቃልላል፤ በሽታውን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብና በ2024 የተከተለው ዶናኔማብ የበሽታውን መባባስ በመጠኑ ያዘገያሉ፤ ነገር ግን በደም ሥር የሚሰጡ፣ በጣም ውድና አእምሮን ሊያደሙ ስለሚችሉ በኤምአርአይ ክትትል የሚፈልጉ ናቸው። ለቤተሰቡ ዛሬ የሚጠቅመው የክብካቤ ሥልጠና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አይሰፖርት የተባለውን የተንከባካቢዎች መማሪያ ወደ አፋን ኦሮሞና ወደ አማርኛ አስማምቶ ውጤቱን መለካት ራሱ ጥሩ የሦስተኛ ዲግሪ ርዕስ ነው።

የደም ምርመራ ልጨምር?

በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ አይመከርም። የአልዛይመር ምልክት የሚሆነውን ፒ-ታው 217 የተባለ ፕሮቲን የሚለካ የደም ምርመራ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል፤ ለአፍሪካም ተስፋ አለው። ግን ደሙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተለይቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ የኩላሊት ሕመም ውጤቱን ከፍ ያደርጋል፤ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክም የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትና የብሔራዊ ደረጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ጄኔሬተር የሌለው ፍሪዘር የዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ያጠፋል።

ከመከላከል አንጻር ምን ይጠና?

ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 ሊለወጡ የሚችሉ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ በዓለም ካለው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉ ከእነሱ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ለእኛ ዳርቻ ከዚያ ውስጥ የሚጎሉት የትምህርት ማነስ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ድባቴ፣ ብቸኝነትና የአየር ብክለት ናቸው። ደም ግፊትን በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ መቆጣጠር የአእምሮ ጤና ሥራ ነው ብሎ ለጤና ጣቢያ ማስረዳት ይቻላል፤ መሣሪያውም መድኃኒቱም እዚያው አለ። የጎደለው ክትትሉ ነው። ከይዞታቸው ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ አረጋውያን ከጎረቤትና ከዕድር መራቃቸው አእምሯቸውን ምን ያደርጋል የሚለውን ደግሞ ከዚህ አካባቢ ተመራማሪ የተሻለ ሊያጠና የሚችል የለም።

ገንዘብና ኅትመትስ?

ከዩኒቨርሲቲ የሚገኘው አነስተኛ ድጋፍ መሣሪያ ለማረጋገጥ ይበቃል። ለትልቁ፣ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮና በአየርላንድ ደብሊን የተመሠረተው ግሎባል ብሬይን ኸልዝ ኢንስቲትዩት የሚሰጠውን የፌሎሺፕ ሥልጠና ይከታተሉ። ጽሑፎችን በነፃ ለማንበብ ሂናሪ የተባለውን የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት። ብዙ አሳታሚዎችም ለእነዚህ አገሮች የኅትመት ክፍያ ስለሚተዉ ጽሑፉን ሲያስገቡ ይጠይቁ። በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል» ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ጆርናል ይራቁ። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልና የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል ለአገር ውስጥ አንባቢ የሚደርሱ ናቸው። ከሌክቸረር ወደ ረዳት፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚያሸጋግረው በታወቁ ጆርናሎች የወጣ ሥራ ነው፤ በአራት የተቆራረጠ አንድ ጥናት ከአንድ ሙሉ ጥናት አይበልጥም።

ውጤቱን ለማን ላስረክብ?

ለጤና ቢሮው ሙሉ ዘገባ፣ ለጤና ጣቢያው ሁለት ገጽ፣ ለዕድሩ የ15 ደቂቃ ገለጻ በሚናገሩበት ቋንቋ። በዕድር ስብሰባ ላይ የሰው ስም፣ የቤት ቁጥርም ሆነ ማንን እንደሚመለከት የሚያስታውቅ ምሳሌ አይነሣ፤ መንደሩ ትንሽ ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል። ወደ ጤና ጣቢያ የተላኩት አረጋውያን ዝርዝር ለክፍሉ ኃላፊ በእጅ፣ በታሸገ ፖስታ ይሰጥ። ከአንድ ወር በኋላም ስንቶቹ እንደታዩ ተመልሶ ይጠየቅ፤ ያልሄዱት ካሉ ብዙ ጊዜ የሚያስቀራቸው የትራንስፖርት ገንዘብ ወይም የሚያደርሳቸው ሰው ማጣት ስለሆነ፣ ለሁለቱም በጀቱ ላይ አንድ መስመር አስቀድሞ ይያዝ።